ግዙፍ ማትሪክስን ማሳነስ፦ በፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር ላይ የማትሪክስ ፕሮጀክሽን እንዴት ይጨመራል?

የሕንፃን፣ የድልድይን ወይም የማሽን አካልን ንዝረት የሚያሰላ የፋይናይት ኤለመንት ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይደርሰዋል። የተጠቃሚው ሞዴል 1,000,000 የነፃነት ደረጃ አለው፤ ስሌቱ ደግሞ በሺህ ለሚቆጠሩ የጊዜ እርምጃዎች መደጋገም አለበት። ሙሉውን የእኩልታ ሥርዓት በየእርምጃው መፍታት ኮምፒውተሩን ለቀናት ያስራል። ለዚህ የታወቀው መፍትሔ ማትሪክሶቹን በጥቂት የተመረጡ ቅርጾች ላይ ፕሮጀክት አድርጎ ማሳነስ ነው።

ስሌቱ አጭር ነው። የግትርነት ማትሪክሱን ግ፣ የመጠነ ቁስ ማትሪክሱን ቁ፣ ዓምዶቹ የተመረጡት ቅርጾች የሆኑትን ቤዝ ደግሞ በ ብለን እንጥራ። የበ ትራንስፖዝ በ′ ይሁን። የታመቀው ግትርነት በ′ × ግ × በ፣ የታመቀው መጠነ ቁስ በ′ × ቁ × በ ይሆናል። ቤዙ 50 ዓምዶች ካሉት ከሚሊዮን በሚሊዮኑ ማትሪክስ የሚወጣው 50 በ50 ብቻ ነው፤ በድርብ ትክክለኛነት ቢቀመጥ 20,000 ባይት ይበቃዋል።

ይህን ማባዛት በኮድ ለመጻፍ ሦስት መስመር ይበቃል። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ፕሮጀክሽን ሲሳሳት ዝም ማለቱ ነው። ልኬታቸው የገጠመ ማትሪክሶች ምንም ቢይዙ ይባዛሉ፤ ፕሮግራሙ አይቆምም፤ የሚወጣው ቁጥርም ለዓይን ደህና ይመስላል። ስለዚህ ጥሩ የፕሮጀክሽን አገልግሎት የሚለካው ትክክለኛውን ግብዓት በማባዛቱ ብቻ ሳይሆን የተሳሳተውን አልቀበልም በማለቱም ነው። ከታች ያሉት ሰባት ደረጃዎች በዚህ ሐሳብ የተገነቡ ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልግዎት፦ ስፓርስ ማትሪክስ የሚያስተናግድ ላይብረሪ፣ ለትልልቅ ማትሪክሶች አይገን ዋጋ የሚያወጣ ፈቺ፣ በእጅ ስሌት የሚረጋገጥ አንድ ትንሽ ሞዴል፣ እንዲሁም ፕሮግራምዎ ማትሪክሶችን የሚገጣጥምበትን ኮድ ማወቅ። በፓይተን ለሚሠራ ነምፓይ እና ሳይፓይ ይበቃሉ፤ በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ለሚሠራ ፔትሲ የተለመደ ምርጫ ነው።

ደረጃ 1፦ ውሉን በጽሑፍ ያስፍሩ

ኮድ ከመክፈትዎ በፊት አገልግሎቱ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ በአንድ ገጽ ይጻፉ። ሦስት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው።

አንደኛ፣ የግራውና የቀኙ ቤዝ አንድ ነው ወይስ ይለያያል? አንድ ከሆነ ዘዴው የጋለርኪን ፕሮጀክሽን ይባላል። ሲሜትሪክ የሆነ ማትሪክስ ከታመቀ በኋላም ሲሜትሪክ ሆኖ ይቀራል፤ የቤዙ ዓምዶች እርስ በርስ ነፃ እስከሆኑ ድረስ ፖዘቲቭ ደፊኒትነቱም አይጠፋም። ለአብዛኛው የሕንፃና የማሽን ንዝረት ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ማትሪክሱ ሲሜትሪክ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ሙቀትን የሚያጓጉዝ የፈሳሽ ፍሰት ሲኖር፣ የተለየ የግራ ቤዝ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ የግራውን ቤዝ አማራጭ ግብዓት ያድርጉት፤ ተጠቃሚው ካልሰጠ የቀኙ ይወሰድ።

ሁለተኛ፣ ቁጥሮቹ ኮምፕሌክስ ሊሆኑ ይችላሉ? ከሆኑ ትራንስፖዙ ኮንጁጌት ይደረጋል ወይስ አይደረግም? በነምፓይ ተራው ትራንስፖዝ ኮንጁጌት አያደርግም፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ፕሮግራመር ይህን ሳያውቅ ቢያልፍ ዳምፒንግ ያለበት ስሌት ይበላሻል። ምርጫው በግልጽ ስም የሚጠራ መለኪያ ይሁን፤ ፈንክሽኑ ራሱ በድብቅ አይወስን።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ በምን መልክ ይመለሳል? የታመቀ ማትሪክስ በአብዛኛው ዜሮ የሌለበት ሙሉ ማትሪክስ ስለሆነ በስፓርስ መልክ ማስቀመጥ ትርፍ የለውም።

ደረጃ 2፦ የቁጥር አሰጣጡንና የወሰን ሁኔታውን ያስተካክሉ

አብዛኛው ስህተት የሚወለደው እዚህ ነው፤ ጊዜዎን ሳይሰስቱ ይስጡት።

የቤዙ 7,431ኛ ረድፍ እና የግትርነት ማትሪክሱ 7,431ኛ ረድፍ ስለ አንድ ኖድና ስለ አንድ አቅጣጫ መናገር አለባቸው። ብዙ ፕሮግራሞች እኩልታውን በፍጥነት ለመፍታት ኖዶቹን በሪቨርስ ካትሂል-ማኪ ወይም በተመሳሳይ ዘዴ እንደገና ይቆጥራሉ። ቤዙ ከዚያ በፊት ተሰልቶ ከሆነ ወይም ከሌላ ፋይል ከመጣ፣ ልኬቱ ቢገጥምም ረድፎቹ አይገናኙም። የአንዱን ሰው ልኬት ይዞ ለሌላው ልብስ እንደ መስፋት ነው፤ ጨርቁ ይበቃል፣ ልብሱ ግን አይሆንም።

መፍትሔው የቁጥር አሰጣጡን ራሱን የቻለ ዕቃ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ማትሪክስና እያንዳንዱ ቬክተር በየትኛው ቁጥር አሰጣጥ እንደተሠራ መለያ ይያዝ፤ ፈንክሽኑም ከማባዛቱ በፊት መለያዎቹን ያመሳክር። የፈረንሳዩ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ኢዲኤፍ በሚያዘጋጀው ኮድ አስተር በተባለው ክፍት ፕሮግራም ውስጥ የቁጥር አሰጣጡ ስም ያለው ዕቃ ነው፤ ማትሪክሶቹ በእሱ ላይ ይገጣጠማሉ፣ የፕሮጀክሽኑ ትእዛዝ የሚመጣውም የንዝረት ሞዶቹ ከተሰሉ በኋላ ነው። አሠራሩን አይቶ መማር ይጠቅማል።

ቀጥሎ የወሰን ሁኔታዎቹ እንዴት እንደገቡ ይመርምሩ። አራት መንገዶች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ወጥመድ አለው።

• የታሰሩት ረድፎችና ዓምዶች ከማትሪክሱ ከወጡ፣ ከቤዙም መውጣት አለባቸው። ከአራቱ ንጹሑ መንገድ ይህ ነው።

• ረድፉ ዜሮ ሆኖ ዲያጎናሉ ላይ 1 ከተጻፈ፣ የቤዙ እሴት በዚያ ረድፍ በትክክል ዜሮ መሆኑን ያረጋግጡ። አለበለዚያ ይህ ሰው ሠራሽ 1 ወደ ታመቀው ማትሪክስ ሾልኮ ይገባል።

• በፔናልቲ፣ ማለትም በጣም ትልቅ ቁጥር በመጨመር ከታሰረ፣ ትንሿ ርዝራዥ ትጎዳለች። ፔናልቲው 10¹⁸ ሆኖ የቤዙ እሴት በድጋፉ ላይ 10⁻⁶ ቢቀር፣ ወደ ታመቀው ማትሪክስ የሚገባው 10⁶ ነው። የድጋፎቹን እሴት በግድ ዜሮ ያድርጉ።

• በላግራንዥ ማባዣ ከታሰረ፣ ማትሪክሱ ከእንቅስቃሴ ውጪ የሆኑ ተጨማሪ ያልታወቁ ቁጥሮች ይዟል። የእንቅስቃሴውን ክፍል ብቻ ለይተው ይውሰዱ፤ የቤዙ ዓምዶችም እገዳውን የሚያከብሩ መሆናቸውን ይፈትሹ።

ደረጃ 3፦ ቤዙን ያዘጋጁ

የቤዝ ዓምዶች ከተለያየ ምንጭ ይመጣሉ። በጣም የተለመዱት የንዝረት ሞዶች ናቸው። ሁለተኛው ምንጭ ሮይ ክሬግ እና መርቪን ባምፕተን በ1968 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዘዴ ነው፤ ክፍሉ ከሌላ ክፍል ጋር የሚገጠምበት መገናኛ ታስሮ የተሰሉ ሞዶችን፣ መገናኛው በአንድ አሃድ ሲንቀሳቀስ ከሚገኙ የስታቲክ ቅርጾች ጋር ያጣምራል። ሦስተኛው ከቀድሞ ስሌት የተሰበሰቡ ውጤቶችን በሲንጉላር ዋጋ ትንተና አጣርቶ ዋናዎቹን መያዝ ነው።

ምንጩ ምንም ይሁን፣ ዓምዶቹ እርስ በርስ ነፃ መሆን አለባቸው። ሁለት ዓምዶች ለመመሳሰል ከተቃረቡ የታመቀው ማትሪክስ ሊገለበጥ ወደማይችልበት ደረጃ ይጠጋል፤ ጥቂት ዲጂቶች ብቻ ትክክል ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ በ′ × ቁ × በ አሃዳዊ ማትሪክስ እስኪሆን ድረስ ዓምዶቹን በመጠነ ቁስ ማትሪክሱ አማካይነት ኦርቶኖርማል ያድርጓቸው። ተራውን የቬክተር ብዜት አለመጠቀም የሚሻልበት ሁለት ምክንያት አለ። ተራው ብዜት ሚሊሜትርንና ራዲያንን ያለ ልዩነት ይደምራል፤ ሜሹ የደቀቀበት አካባቢም ኖዶች ስለበዙበት ብቻ ከሚገባው በላይ ክብደት ያገኛል።

የተሻሻለውን የግራም-ሽሚት ዘዴ ሁለት ጊዜ ያስኬዱ፤ አንዴ ብቻ ከሮጠ የማጠጋጋት ስህተት ይተርፋል። ከማጽዳቱ በኋላ ርዝመቱ ከመጀመሪያው ከ10⁻⁸ በታች የወረደ ዓምድ አዲስ ነገር ስለማይጨምር ይጣል፤ የትኛው ዓምድ እንደተጣለ ግን ለተጠቃሚው ይነገረው። በጸጥታ የጠፋ ዓምድ በኋላ ፍለጋ ያስወጣል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። በክሬግ-ባምፕተን ዘዴ የመገናኛው ቅርጾች የሚጠቅሙት ኮኦርዲኔቶቻቸው የእውነተኛ ኖዶች እንቅስቃሴ ሆነው ስለሚቀሩ ነው፤ ክፍሉ ከጎረቤቱ ክፍል ጋር የሚገጠመው በእነሱ ነው። እነዚህን ኦርቶኖርማል ካደረጓቸው ያ ትርጉም ይጠፋል፤ ስለዚህ ሳይነኳቸው ይተዉ፤ የታመቀውን ማትሪክስ ኮንዲሽን ቁጥር ብቻ አስልተው ያሳዩ።

ሌላው የተለመደ ስህተት በሞዶች ብቻ መተማመን ነው። ጭነቱ በአንድ ነጥብ ላይ ካረፈ፣ ጥቂት ዝቅተኛ ሞዶች በዚያ ነጥብ አካባቢ ያለውን መታጠፍ በደንብ አይገልጹም። ጭነቱ በስታቲክ ሁኔታ የሚፈጥረውን ቅርጽ እንደ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ያስገቡ፤ አንዲት መፍትሔ ብቻ ትጠይቃለች፣ ጥቅሟ ግን ብዙ ነው።

ደረጃ 4፦ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ያባዙ

መጀመሪያ ግ × በ ያስሉ፤ ቀጥሎ ውጤቱን በበ′ ከግራ ያባዙ። ግትርነት ማትሪክሱን በምንም ምክንያት ወደ ሙሉ ማትሪክስ አይለውጡ፤ ሚሊዮን በሚሊዮን የሆነ ሙሉ ማትሪክስ 8 ቴራባይት ሜሞሪ ይጠይቃል። ቤዙ ራሱ በ50 ዓምድ 400 ሜጋባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ብዜትም ሌላ 400። ሜሞሪ ካጠረ ዓምዶቹን አሥር አሥር አድርገው ያባዙ፤ ጊዜያዊው ውጤት ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል።

በዚህ ደረጃ ሦስት ስህተቶች ይደጋገማሉ።

• ግማሹ ብቻ የተቀመጠ ማትሪክስ። ብዙ ፕሮግራሞች ሜሞሪ ለመቆጠብ የሲሜትሪክ ማትሪክስን የላይኛውን ሦስት ማዕዘን ብቻ ይይዛሉ። ይህን የማያውቅ የማባዣ ፈንክሽን የታችኛውን ግማሽ ዜሮ አድርጎ ይወስደዋል።

• በትይዩ ስሌት ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ኖድ። ሞዴሉ በብዙ ፕሮሰሰሮች ሲከፋፈል ድንበር ላይ ያሉ ኖዶች በሁለቱም ዘንድ ይገኛሉ። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ የሆኑትን ረድፎች ብቻ አባዝቶ፣ ትንንሾቹ ማትሪክሶች በመጨረሻ ይደመሩ።

• ቸኩሎ ሲሜትሪክ ማድረግ። የታመቀውን ማትሪክስ ከትራንስፖዙ ጋር አማክሎ የማጠጋጋት ልዩነቱን ማጥፋት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ልዩነቱን ይለኩ። ከማትሪክሱ ትልቁ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ከ10⁻¹⁰ ከበለጠ ስህተት አለ ማለት ነው፤ ማማከሉ ስህተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም።

ደረጃ 5፦ ጭነቱን፣ የመነሻ ሁኔታውንና የመመለሻውን መንገድ ያሟሉ

ማትሪክሶቹን ብቻ ያሳነሰ አገልግሎት ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነው። የጭነት ቬክተሩ በበ′ ይባዛል፤ የታመቀው መፍትሔ ደግሞ በበ ተባዝቶ ወደ እያንዳንዱ ኖድ እንቅስቃሴ ይመለሳል። ተጠቃሚው የሚፈልገው ጥቂት ነጥቦችን ብቻ ከሆነ የእነዚያን ረድፎች ብቻ ያባዙለት፤ ሁሉንም ኖድ በየእርምጃው መመለስ ያተረፉትን ጊዜ መልሶ ይበላዋል።

የመነሻ እንቅስቃሴ ሲታመቅ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ቤዙ በመጠነ ቁስ ኦርቶኖርማል ከሆነ፣ የታመቀው መነሻ የሚገኘው በ′ × ቁ × የመነሻ ቬክተሩ ተብሎ ነው። ቁ ከመሃል ከተረሳ ስሌቱ ከተሳሳተ ቦታ ይነሳል፤ ፕሮግራሙም አይናገርም።

ድጋፉ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ መጀመሪያ እንቅስቃሴውን የሚያሟላ አንድ ቅርጽ ያዘጋጁና ቀሪውን ብቻ በቤዙ ይግለጹ። ከጭነቱ ላይም ግትርነት ማትሪክሱ በዚያ ቅርጽ ተባዝቶ የሚወጣው ይቀነስ፤ ቅርጹ በጊዜ ከተለዋወጠ የመጠነ ቁሱ ድርሻም እንዲሁ።

ደረጃ 6፦ መልሱ በሚታወቅ ሞዴል ይፈትኑ

የሚከተለውን ሞዴል ከኮዱ ጋር በቋሚነት ያስቀምጡ። አንድ ጫፉ የታሰረ፣ 1 ሜትር ርዝመትና 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ቁርጡ አራት ማዕዘን የሆነ የብረት ዘንግ ይሁን፤ የመለጠጥ ሞዱሉሱ 210 ጊጋፓስካል፣ ጥግግቱ 7,850 ኪሎግራም በሜትር ኩብ። በ20 የኦይለር-በርኑሊ ኤለመንቶች በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲታጠፍ 40 ነፃ የነፃነት ደረጃዎች ይኖሩታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት የተፈጥሮ ፍሪኩዌንሲዎቹ በቀመር 8.36፣ 52.4 እና 146.6 ኸርዝ ናቸው።

በዚህ ሞዴል ላይ ስድስት ፈተናዎች ያስኬዱ።

1. ቤዙን 40 በ40 አሃዳዊ ማትሪክስ ያድርጉት። የሚመለሰው ግ ራሱ መሆን አለበት። በግማሽ የተቀመጠ ማትሪክስ ችግር እዚህ ወዲያው ይጋለጣል።

2. ቤዙን አምስት የንዝረት ሞዶች ያድርጉት። የታመቀው መጠነ ቁስ አሃዳዊ፣ የታመቀው ግትርነት ደግሞ ዲያጎናል ይሁን፤ በዲያጎናሉ ላይ የሚቆሙት የማዕዘን ፍሪኩዌንሲዎቹ ካሬዎች ናቸው። የመጀመሪያው 2,756 አካባቢ ነው።

3. አንድ ዓምድ ብቻ ይውሰዱ፦ በነፃው ጫፍ ላይ ነጥብ ጭነት ሲያርፍ ዘንጉ የሚይዘውን ቅርጽ። የሚወጣው ፍሪኩዌንሲ 8.48 ኸርዝ መሆን አለበት፤ ከእውነተኛው በ1.5 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በሬይሊ-ሪትዝ ሕግ መሠረት የታመቀ ሲሜትሪክ ሞዴል ፍሪኩዌንሲ ከሙሉው ሞዴል ፍሪኩዌንሲ በታች ሊወርድ አይችልም። ከወረደ ስህተት አለ፤ ሌላ ትርጓሜ የለውም።

4. የሁለተኛውን ፈተና ባለ አምስት ሞድ ቤዝ በማንኛውም ሊገለበጥ በሚችል 5 በ5 ማትሪክስ ከቀኝ ያባዙት። ዓምዶቹ ይለወጣሉ፣ የሚገልጹት ስፋት ግን ያው ነው፤ ፍሪኩዌንሲዎቹም መለወጥ የለባቸውም።

5. ዘንጉን ከድጋፉ ይፍቱትና ቤዙን የግትር አካል እንቅስቃሴዎች ያድርጉት። የታመቀው ግትርነት ዜሮ መሆን አለበት። «ዜሮ» ሲባል ግን ከግ ትልልቅ ቁጥሮች ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ ግ ውስጥ 10⁹ የሚደርሱ ቁጥሮች ካሉ የ10⁻⁶ ትርፍ ስህተት አይደለም። በሁሉም ፈተናዎች ገደብዎ አንጻራዊ ይሁን።

6. ዘንጉን እንደገና አስረው የእያንዳንዱን ሞድ ውጤታማ መጠነ ቁስ ያስሉ። ከጠቅላላው የመጀመሪያው ሞድ 61.3፣ ሁለተኛው 18.8፣ ሦስተኛው 6.5 በመቶ ይይዛል። አራት ሞዶች አንድ ላይ 89.9፣ አምስት ሞዶች 91.9 በመቶ ይደርሳሉ። በታሰረው ኖድ ላይ ያለው የመጠነ ቁስ ድርሻ ከተረሳ ቁጥሮቹ ከዚህ ያፈነግጣሉ።

ስድስተኛው ፈተና ለአገራችን መሐንዲሶች ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃዎቿን በ2015 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ ኮዶች ጋር አስማምታለች፤ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከተው ዩሮኮድ 8 ደግሞ የተወሰዱት ሞዶች ውጤታማ መጠነ ቁስ ቢያንስ ከጠቅላላው 90 በመቶ ሲሆን በቂ ናቸው ብሎ ይቀበላል። ዘንጋችን በአራት ሞድ ገደቡን ለጥቂት ይስተዋል፤ በአምስት ያልፋል። ድምሩን ከውጤቱ ጋር አብሮ የሚያሳይ ፕሮግራም ተጠቃሚውን ከዚህ ስህተት ይጠብቀዋል።

ደረጃ 7፦ ለተጠቃሚው ያስረክቡ

መጨረሻ ላይ ፈንክሽኑን ከፕሮግራሙ ጋር ሲያገናኙ እምቢ የሚልባቸውን ሁኔታዎች በሙሉ ተግባራዊ ያድርጉ፦ የቁጥር አሰጣጥ መለያ ሲለያይ፣ የድጋፍ ረድፎች ዜሮ ሳይሆኑ ሲቀሩ፣ ግብዓቱ ውስጥ ቁጥር ያልሆነ እሴት ሲገኝ። የስህተት መልእክቱ ምን እንደተበላሸና ምን ማድረግ እንደሚቻል ይናገር። «ግብዓቱ ትክክል አይደለም» የሚል መልእክት ማንንም አይረዳም፤ «ቤዙ የተሰላው ሜሹ እንደገና ከመቆጠሩ በፊት ነው፤ ሞዶቹን በአዲሱ ቁጥር አሰጣጥ ያስሉ» የሚለው ግን ሥራ ያስቀጥላል።

የታመቁትን ማትሪክሶች ፋይል ላይ ሲያስቀምጡ ቤዙን፣ የቁጥር አሰጣጡን መለያ እና የተጠቀሙበትን አሃድ አብረው ያስቀምጡ። ቤዙ የሌለው የታመቀ ማትሪክስ ወደ እውነተኛው ኖድ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ማትሪክሱ መቼ እንደገና መታመቅ እንዳለበትም በሰነዱ ውስጥ ይግለጹ። ቁሱ ከመለጠጥ ገደቡ ካለፈ ወይም መገናኛዎች ከተከፈቱ ግትርነቱ ስለሚለወጥ አሮጌው የታመቀ ማትሪክስ አይሠራም። ለውጡ ቀላል መለኪያ ብቻ ከሆነ ግን ብልሃት አለ። ግትርነቱ የብዙ ክፍሎች ድምር ሆኖ እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ቁጥር የሚባዛ ከሆነ፣ ለምሳሌ የኮንክሪቱና የብረቱ ክፍል ለየብቻ፣ እያንዳንዱን ክፍል አንድ ጊዜ አምቀው ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ተጠቃሚው የኮንክሪቱን ሞዱሉስ በለወጠ ቁጥር የሚደመሩት 50 በ50 የሆኑ ማትሪክሶች ብቻ ናቸው። መለኪያው ሲርቅ ቤዙም ያረጃልና፣ አልፎ አልፎ ሙሉውን ሞዴል ፈትቶ ማመሳከር አይቀርም።

ኮድ መጻፍ ሲጀምሩ ከደረጃ 6 ይነሱ፦ ዘንጉን ሠርተው ስድስቱን ፈተናዎች ይጻፉ፤ ከዚያ የማባዣውን ኮድ እነሱን እስኪያልፍ ድረስ ያስተካክሉ። ሚሊዮን የነፃነት ደረጃ ያለው ሞዴል የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ከታመቀው ማትሪክስ በወጣው ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የምሰሶ ውፍረት የሚወስን መሐንዲስ ኮድዎን ከፍቶ አያነብም። ያንን ኃላፊነት ስለ እሱ የሚሸከሙት እነዚህ ፈተናዎችና እምቢታዎች ናቸው።